«የትኛው ማጣሪያ?» ስለ አንድ የጀልባ አየር ማቀዝቀዣ ብልሽት መፈለጊያ የአማርኛ ትርጕም የቀረበ ሂስ

የትርጕም ሥራ ለሂስ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ልብ ወለድ፣ ተውኔት ወይም የሃይማኖት መጽሐፍ ነው። በሞተር ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ እጁን ቅባት የነካው ሰው የሚያነበው ሠንጠረዥ ሐያሲ ሲያገኝ እምብዛም አይታይም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው እንዲህ ያለውን ነው፤ ይኸውም በአንድ የመዝናኛ ጀልባ ላይ የተተከለ አየር ማቀዝቀዣ ሥራውን ሲያቋርጥ ብልሽቱ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ባለአራት ገጽ ጽሑፍ ነው። የተርጓሚው ስም አልተጻፈበትም። ያዘጋጀውን ድርጅትም ለመጥራት አንሻም፤ ጉዳያችን ከቃላቱ ጋር ነውና።

ጽሑፉ እጃችን የገባው በአጋጣሚ ነው። የአንድ የሥራ ባልደረባችን የእኅት ልጅ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ካሉት ከተሞች በአንደኛዋ የመዝናኛ ጀልባ ሠራተኛ ነው። ለዕረፍት በመጣ ጊዜ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ከቦርሳው አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የቃላት ሰው ነዎት አሉኝ፤ እስቲ ይህን ይንገሩኝ፤ የትኛው ማጣሪያ ነው?» ሲል ጠየቀን። ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ ወር፣ እንግዶች በተሳፈሩበት ዕለት፣ ማቀዝቀዣው እየተነሣ ይጠፋ ጀመር፤ በመቆጣጠሪያው መስኮት ላይም የከፍተኛ ግፊት ምልክት ታየ። ወጣቱ ሠንጠረዡን ተመለከተ። ከምልክቱ ፊት ለፊት «ማጣሪያውን አጽዳ» ይላል። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ አጠበ። ለውጥ የለም። ደግሞ አጠበ። አራት ጊዜ አጠበ። በመጨረሻ ከጎረቤት ጀልባ የመጣ መካኒክ ከወለሉ በታች ያለውን የባሕር ውኃ ማጥለያ ሲከፍተው በባሕር ሣርና በዝቃጭ ጢም ብሎ ተገኘ።

ስሕተቱን ለመረዳት የማሽኑን አሠራር በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። የቤት አየር ማቀዝቀዣ ከክፍሉ የሰበሰበውን ሙቀት የሚጥለው ወደ ውጭው አየር ነው። በብዙ ጀልባዎች ላይ ያለው ግን የሚጥለው ወደ ባሕር ውኃ ነው። ውኃው ከጀልባዋ ሆድ ሥር ባለ ቀዳዳ ይገባል፤ በቀዳዳው ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አለ፤ ከዚያ ማጥለያ፣ ከማጥለያው ቀጥሎ ፓምፕ፣ ከፓምፑም ቀጥሎ ጋዙ የሚዞርበት ጥቅል ቧንቧ ይገኛል። ውኃው የጥቅሉን ሙቀት ተሸክሞ በጀልባዋ ጎን ወደ ባሕር ይመለሳል። በሌላው ወገን ደግሞ ማራገቢያው የክፍሉን አየር በማጣሪያ በኩል ስቦ በሁለተኛው ጥቅል ላይ ያሳልፈዋል፤ አየሩም ቀዝቅዞ ይወጣል። እንግዲህ በአንድ ማሽን ውስጥ ሁለት ጅረቶች አሉ ማለት ነው፤ የውኃና የአየር፤ ለየጅረቱም የየራሱ ዘበኛ ቆሞለታል። ማሽኑ በሚያቀዘቅዝበት ጊዜ የውኃው ጅረት ቢታፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ የጋዙ ግፊት ከልኩ ያልፋል፤ መከላከያውም ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል። የአየሩ ጅረት ቢታፈን ግን የሚመጣው ተገላቢጦሹ ነው፤ ግፊቱ ይወርዳል፣ የአየሩ ጥቅልም አመዳይ ይለብሳል። በባሕረ ሰላጤው በበጋ የባሕሩ ገጽ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ የተለመደ ነውና፣ ማሽኑ ከወትሮውም በአቅሙ ጫፍ ላይ ነው የሚሠራው፤ ማጥለያው በግማሽ እንኳ ቢደፈን ምልክቱ ወዲያው ይታያል።

እንግሊዝኛው ለሁለቱ ዘበኞች ሁለት ስም አለው፤ የውኃውን «ስትሬነር»፣ የአየሩን «ፊልተር» ይላቸዋል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ማጣሪያ» ብሎ አንድ አደረጋቸው። በአራቱ ገጽ ውስጥ ቃሉን አሥራ አንድ ጊዜ አገኘነው፤ ሰባቱ የውኃው፣ አራቱ የአየሩ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ የሚለይ ቅጽል ግን በአንዱም ላይ የለም። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት አላየም ለማለት አንደፍርም። ምናልባት አይቶ ይሆናል፤ ለሁለቱም «ማጣሪያ» የሚል ፍች ማግኘት አያስቸግርምና። ችግሩ የቃል መሳሳት ሳይሆን፣ ሁለት ነገሮች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ስም እንደማይበቃቸው አለማስተዋል ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አለመሆኑ ነው። ዱቄት የሚነፋበት ወንፊት ነው። ጠላ ወይም ሻይ የሚጠልበት ግን ማጥለያ ነው፤ ፈሳሹ ያልፋል፣ አንቡላው ይቀራል። ቃሉ «አጠለለ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ የመጨረሻው «ለ» ወደ «የ» የተለወጠው «አበሰለ» ብለን «ማብሰያ» እንደምንለው ነው። ከፈሳሽ ውስጥ ጓል የሚያስቀር ነገር ማጥለያ ለመባል ይህን ያህል የተገባ ሆኖ ሳለ፣ «ማጣሪያ» ተመረጠ። «ማጣራት» በበኩሉ ብዙ ሸክም ያለበት ቃል ነው፤ ቅቤም ይጣራል፣ ወሬም ይጣራል፣ ሒሳብም ይጣራል፣ ኳስ ተጫዋቾችም የማጣሪያ ግጥሚያ ያደርጋሉ። በሁለተኛው ገጽ ላይ «ማጣሪያውን አጣራ» የሚል ትእዛዝ አንብበን ለጥቂት ጊዜ ቆም ማለታችን አልቀረም፤ መመርመር ነው ወይስ ማጽዳት? እንግሊዝኛውን ስናይ መመርመር ሆኖ ተገኘ። የጋራዥ ሰዎቻችን ደግሞ ከጣሊያንኛ ፍሬንን፣ ካንዴላንና ካቻቢቴን ሲወርሱ «ፊልትሮ»ንም አብረው ወርሰዋል። እንግዲያው ለአየሩ «የአየር ማጣሪያ» ወይም «ፊልትሮ»፣ ለውኃው «የባሕር ውኃ ማጥለያ» ቢባል ወጣቱ አንድ ጊዜ እንኳ የአየሩን አያጥብም ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በጽሑፉ ውስጥ ከዚህ እጅግ የባሱ የሚመስሉ ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው ገጽ ርእስ «ችግር መተኮስ» ይላል፤ የባሕሩ ቫልቭ የእንግሊዝኛ ስም «ሲኮክ» ስለ ሆነም በአንድ ቦታ «የባሕር አውራ ዶሮ» ተብሎ ተመልሷል። ጽሑፉን ያሳየናቸው ባልደረቦቻችን ሁሉ የሳቁት በዚህ ነው። እኛ ግን ዶሮው ማንንም አይጎዳም እንላለን። ያነበበው ሰው እዚህ ቦታ ስሕተት እንዳለ ወዲያው ያውቃል፤ ቆሞ ይጠይቃል ወይም እንግሊዝኛውን ያያል። «ማጣሪያውን አጽዳ» ግን ጥሩ አማርኛ ነው። ሰዋስዉ የቀና፣ ቃሉ የታወቀ፣ ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ሰውየውን እጁን ይዞ ወደማይገባው ቦታ የሚወስደውም ስለዚህ ነው። የቴክኒክ ትርጕም ሲታረም ዐራሚው የሚያሥቀውን ለማስተካከል ይቸኩላል፤ ጆሮን የማይቆረቁረው ይታለፋል።

ከዚህ የሚቀጥለው የሁለቱ ጥቅሎች ስም ነው፤ በዚህም ተርጓሚው በርትቶ ሠርቷል፤ ስሕተቱም ከትጋቱ የመጣ ነው። እንግሊዝኛው አንደኛውን «ኢቫፖሬተር»፣ ሁለተኛውን «ኮንዴንሰር» ይላል። ተርጓሚው የመጀመሪያውን ከ«ተነነ» አውጥቶ «ማትነኛ»፣ ሁለተኛውን ከ«ጤዛ» አውጥቶ «ማጤዣ» ብሏቸዋል። በአወጣጣቸው ላይ ነቀፋ የለንም፤ «ነ» ወደ «ኘ»፣ «ዘ» ወደ «ዠ» መለወጣቸው የቋንቋው ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ቃል በሕግ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ አንባቢውን ወዴት ያመለክተዋል የሚለውም መጠየቅ አለበት። ጤዛ ለአማርኛ ተናጋሪ በማለዳ ሣር ላይ የሚታይ የውኃ ጠብታ ነው። በጀልባው ማሽን ላይ ይህ ጠብታ የሚታየው የት ነው? በቀዝቃዛው ጥቅል፣ ማለትም ተርጓሚው «ማትነኛ» ባለው ላይ ነው! የክፍሉ እርጥብ አየር በዚያ ሲያልፍ እርጥበቱ ጠብ ጠብ እያለ ከሥሩ ባለው መቀበያ ይጠራቀማል። በሌላው ጥቅል የሚጤዘው ጋዝ ግን በቧንቧው ውስጥ ታፍኖ ያለ ስለ ሆነ ማንም አያየውም። ስለዚህ ሠራተኛው ጤዛ የወረደበትን ጥቅል አይቶ «ማጤዣው ይህ ነው» ቢል አንፈርድበትም። ስሙ የነገረው ይህንኑ ነው፤ የያዘው ግን የተሳሳተውን ጥቅል ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አብዛኞቹ የጀልባ አየር ማቀዝቀዣዎች ተገላቢጦሽ መሥራት የሚችሉ ናቸው፤ በብርድ ጊዜ አንድ ቫልቭ የጋዙን መንገድ ይለውጠውና ሙቀት ከባሕር ውኃ ተወስዶ ወደ ክፍሉ ይገባል። በዚያን ጊዜ የሁለቱ ጥቅሎች ሥራ ይለዋወጣል፤ ሲያተን የነበረው ያጤዛል፣ ሲያጤዝ የነበረው ያተናል። ከሥራ የተወሰደ ስም ሥራው ሲለወጥ ሐሰት ይሆናል። እንግሊዝኛውም ቢሆን ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለም፤ ነገር ግን የሌላውን ጣጣ መውረስ ግዴታችን አይደለም። ብልሽት የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው በቦታ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ከቦታ ቢወሰድ ይሻላል። ባሕር ውኃ የሚያልፍበትን «የባሕር ጥቅል»፣ የክፍሉ አየር የሚያልፍበትን «የአየር ጥቅል» ብንላቸው ማሽኑ ቢያሞቅም ቢያቀዘቅዝም ስሙ እውነት እንደ ሆነ ይቆያል። ይህም ብቻ አይደለም። በማሞቅ ጊዜ የአየር ማጣሪያው ቢደፈን የከፍተኛ ግፊት ምልክት ይመጣል፤ ማሽኑ ሙቀቱን የሚጥለው ወደ አየሩ ሆኗልና። እንግዲህ «የትኛው ማጣሪያ?» ለሚለው የወጣቱ ጥያቄ ሙሉው መልስ «ሲያቀዘቅዝ የባሕሩን ማጥለያ፣ ሲያሞቅ የአየሩን ማጣሪያ» የሚል ነው። እንግሊዝኛው ይህን በሁለት ረድፍ ለይቶ ጽፎታል። በአማርኛው ሁለቱ ረድፎች አንድ ዐይነት ሆነው ስለ ተገኙ፣ ተደጋገመ በሚል ይመስላል፣ ሁለተኛው ተሰርዟል።

ወደ «ኮንዴንሰር» መለስ እንበል። ተርጓሚው ጥቅሉን «ማጤዣ» ካለ በኋላ፣ በሦስተኛው ገጽ ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሣውን የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ማለትም ካፓሲተሩን፣ «ኮንደንሰር» ብሎታል። በአሮጌ መኪና ጥገና ላይ የቆዩ ሰዎች ቃሉን በዚህ ፍች ያውቁታል፤ የማቀዝቀዣ ጥገና ሰዎች ግን ኮንደንሰር ሲሉ ጥቅሉን ማለታቸው ነው። ካፓሲተር መብራቱ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። «ኮንደንሰሩን በእጅህ ዳስስ» የሚለውን ለጥቅሉ የታሰበ ምክር ከሌላ ሰው የሰማ ሠራተኛ፣ በዚህ ወረቀት መሠረት ምኑን እንደሚዳስስ ማሰብ ያስፈራል። ካፓሲተር «ካፓሲተር» ቢባል ለአማርኛ ውርደት አይደለም። «መጭመቂያ»ም እንዲሁ ነው፤ ኮምፕሬሰርን በዚህ ስም የሚጠራ ጥገና ቤት አላጋጠመንም።

ስለ ዐረፍተ ነገር አሰካክም አንድ ምሳሌ እናንሣ። ማጥለያው ያለው ከውኃ ልክ በታች ነው። የባሕሩ ቫልቭ ሳይዘጋ ክዳኑ ቢነሣ ባሕሩ ወደ ጀልባዋ ይገባል። እንግሊዝኛው እንደ ልማዱ ዋናውን ትእዛዝ አስቀድሞ ቅድመ ሁኔታውን ያስከትላል። ተርጓሚው ይህንኑ ተራ ጠብቆ፣ «ማጣሪያውን ክፈት፤ ይህም የሚሆነው የባሕሩ ቧንቧ ከተዘጋ በኋላ ነው» ብሏል። እየሠራ የሚያነብ ሰው ግን «ክፈት» ላይ ሲደርስ ይከፍታል። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ መሣሪያ አለው፤ የቦዝ አንቀጽ ድርጊቶችን በሚፈጸሙበት ተራ ያሰልፋል፣ ማሠሪያ አንቀጹም በመጨረሻ ይመጣል። «ፓምፑን አጥፍተህ፣ የባሕሩን ቫልቭ ዘግተህ፣ የማጥለያውን ክዳን ክፈት።» በዚህ አማርኛ የእጁ ተራና የዐይኑ ተራ አንድ ነው። ተርጓሚው በአንድ ገጽ ላይ «ክፈት»፣ «ይክፈቱ»ና «ይከፈት» እያለ አንባቢውን አንዴ አንተ፣ አንዴ እርስዎ፣ አንዴ ማንም ማድረጉን ደግሞ ጠቅሰነው እንለፍ።

ቁጥርም ይተረጐማል። እንግሊዝኛው ወደ ማሽኑ በሚገባውና ከማሽኑ በሚወጣው አየር መካከል ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ፋረንሃይት ልዩነት መኖር አለበት ይላል። በአማርኛው ይህ «ከዜሮ በታች ከ9 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ሆኗል። ተርጓሚው 32 ቀንሶ፣ በ5 አባዝቶ፣ ለ9 አካፍሏል፤ ስሌቱ ትክክል ነው። ይህ ግን የሙቀት ልክ የሚመለስበት መንገድ እንጂ የሙቀት ልዩነት የሚመለስበት አይደለም። በልዩነት ላይ 32 አይቀነስም፤ መልሱ ከ8 እስከ 11 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚህም ላይ ዐረፍተ ነገሩ ለስላሳ ስለ ሆነ የሚጠራጠር የለም። ሠራተኛው ቴርሞሜትሩን ይዞ ከበረዶ የቀዘቀዘ አየር ይጠብቃል፤ ሲያጣም ጋዝ ጎድሏል ብሎ ያስሞላል። ከልኩ ያለፈ ጋዝ ደግሞ መልሶ የከፍተኛ ግፊት ምልክት ያመጣል። ያን ጊዜ ሠንጠረዡን ሲከፍት የሚያገኘው «ማጣሪያውን አጽዳ» የሚለውን ነው።

ተርጓሚው ያማረለትንም መመስከር ይገባናል። የአየሩ ጥቅል ሲቀዘቅዝ የሚለብሰውን ነገር «በረዶ» ሳይሆን «አመዳይ» ማለቱ የሚያስመሰግነው ነው። በረዶ ከሰማይ የሚወርድ ወይም ረግቶ የሚቀመጥ ሲሆን፣ አመዳይ ከአየሩ እርጥበት በዕቃ ላይ የሚያርፍ ነው፤ በጥቅሉ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ቃሉን ያገኘው በደጋ ያደገ ሰው ስለ ሆነ ነው ብለን ገምተናል። እንዲሁም ቀዝቃዛ አየር የሚያልፍበት ቱቦ ከውጭ ሲረጥብ «ቱቦው ያልበዋል» ብሏል። እንግሊዝኛውም በዚህ ቦታ ላብ ይላል፤ ሆኖም እኛም ቀዝቃዛ ጠርሙስ አላበው እንላለንና የተዋሰው አይመስልም። ከሠንጠረዡ ሦስት ዐምዶች ሁለቱ «ምክንያት»ና «መፍትሔ» መባላቸው ደኅና ነው። የመጀመሪያው «ችግር» ከሚባል «ምልክት» ቢባል እንመርጣለን፤ የግፊት መብራት የሚታይ ነገር እንጂ ራሱ ብልሽቱ አይደለምና። ርእሱም ከ«ችግር መተኮስ» ወደ «ብልሽት መፈለጊያ» ቢዛወር ይበቃዋል። «ችግር ፍለጋ» ያሉንም ነበሩ፤ ችግር ፈላጊ በአማርኛ ሌላ ሰው መሆኑን አስታውሰናቸዋል።

ስለ ማሽኑ ዋና ስም ጥቂት እንበል። በአራተኛው ገጽ «ማቀዝቀዣው የማያሞቅ ከሆነ» የሚል ረድፍ አለ። ሲያነቡት ግራ ያጋባል፤ ነገሩ ግን ትክክል ነው፤ ማሽኑ ሁለቱንም ይሠራልና። እንግሊዝኛው ይህ ግራ መጋባት የማይደርስበት ስሙ ስለ ቅዝቃዜ ምንም ስለማይናገር ነው። «ኤር ኮንዲሽኒንግ» የሚለውን አጠራር በ1906 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስቱዋርት ክሬመር የተባለ የአሜሪካ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ነው፤ ቃሉን የወሰደውም ድርና ማጉ ተገቢውን እርጥበት እንዲያገኝ ከሚደረግበት የፋብሪካ ሥራ ነው። ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. የነደፈው ማሽንም በብሩክሊን የአንድ ማተሚያ ቤት ወረቀት በእርጥበት እንዳይለጠጥ ነበር የታሰበው። እኛ ግን «አየር ማቀዝቀዣ» ከሚለው ስም ጋር አንጣላም፤ ሕዝብ ለምዶታል። የሚያስፈልገው ዐረፍተ ነገሩን ማስተካከል ነው፤ «መሣሪያው በማሞቅ ላይ ሳለ ሙቅ አየር የማይሰጥ ከሆነ» ቢባል ያበቃል። ብዙዎች የሚሉት «ኤሲ» ለንግግር ይሆናል፤ በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን አይሆንም። በጀልባ ላይ ከባትሪ የሚመጣውን ኤሌክትሪክና ከወደብ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መለየት የዕለት ሥራ ነው፤ የኋለኛውም «ኤሲ» ይባላል። «ኤሲ ከሌለ ኤሲው አይሠራም» የሚል ረድፍ በእርግጥ ተጽፏል።

የቀረን የ«ሲኮክ» ስም ነው፤ በዚህ ላይ እኛም አልተስማማንም። «የባሕር በር» ፖለቲካው ወስዶታል። ተርጓሚው በአንድ ቦታ የተጠቀመበት «የባሕር ቧንቧ» አይበቃም፤ በአማርኛ ቧንቧ የሚዘጋውንም ውኃው የሚሄድበትንም ይዟልና፣ «ቧንቧው ይፈስሳል» ሲባል የቱ እንደ ሆነ አይታወቅም። «የባሕር መዝጊያ» ያሉ አሉ፤ ስሙ መክፈቱን ረስቶታል። በዚህ ጽሑፍ «የባሕር ቫልቭ» ስንል የቆየነው ለጊዜው የተሻለ ስላጣን ነው። ወጣቱን በጀልባው ላይ የሚሠሩት ኢትዮጵያውያን ምን እንደሚሉት ብንጠይቀው፣ «የታችኛው ቁልፍ እንላለን» አለን። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢጽፍልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።